ከማለዳ እስከ መኝታ፦ በዕለት ኑሮ በመንፈስ የማደግ ዝርዝር መመሪያ

ብዙዎቻችን በመንፈሳዊ ሕይወት ለማደግ የምንወስነው ልባችን በሞቀ ቀን ነው። ጥሩ ስብከት ሰምተን፣ ከሕመም ተነሥተን ወይም የምንወደውን ሰው ቀብረን ስንመለስ «ከነገ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት እጸልያለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት እጨርሳለሁ፤ ቁጣዬን እተዋለሁ» እንላለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሁለተኛው ሳምንት ውሳኔው ይላላል፤ በሦስተኛው ኀፍረት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያቆምንበትን ገጽ መግለጥ እንኳ ይከብደናል። እኔ በዚህ አዙሪት ለዓመታት ተመላልሻለሁ። ያወጣኝም ሌላ ታላቅ ውሳኔ አልነበረም፤ ቀድሞም በእጄ ላሉት ሰዓታት ትናንሽ ሥራ መስጠት መጀመሬ ነው።

በማርቆስ ወንጌል 4፥26-29 ጌታ የእግዚአብሔርን መንግሥት ዘር በትኖ በሚተኛና በሚነሣ ሰው ይመስላታል። ሰውየው እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ ዘሩ ይበቅላል፤ መጀመሪያ ቡቃያ፣ ቀጥሎ ዛላ፣ በኋላም በዛላው ውስጥ የሞላ ሰብል። ሰውየው ድርሻ አለው፤ ይዘራል፣ ሲደርስም ያጭዳል። ማብቀሉ ግን የእርሱ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ መዝራቱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችሁ የሰጠቻችሁን የጸሎትና የአምልኮ ሥርዓት አይተካም፤ ያ ሥርዓት በተራው የሥራ ቀን ሥር እንዲሰድ ይረዳ እንደሆነ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱንና ቦታውን ቁረጡ

በ15 ደቂቃ ጀምሩ። ቢያንስባችሁም ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አትጨምሩበት። ደቂቃዎቹን በየቀኑ ሳታስቡት ከምታደርጉት ነገር ጋር አያይዙ፤ ፊት ከመታጠብ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ከመሸኘት ወይም ከሥራ ልብስ ከመለወጥ ጋር። «ጊዜ ሳገኝ» የሚል ሰው ጊዜ አያገኝም። ቦታውም አንድ ይሁን። የአልጋ ጠርዝ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ ቢሆንም ግድ የለም። በማቴዎስ 6፥6 የታዘዝነው በራችንን እንድንዘጋ ነው እንጂ ያማረ ክፍል እንድናዘጋጅ አይደለም። በዘመናችን አስቀድሞ መዘጋት ያለበት በር ስልካችን ነውና ሌላ ክፍል ውስጥ ተዉት።

ማለዳው የሚጀምረው በዋዜማው ምሽት ነው። ነገ የምታነቡትን ገጽ ገልጣችሁ፣ እርሳስና ደብተር ከጎኑ አስቀምጣችሁ ተኙ። ይህች ትንሽ ዝግጅት፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው አእምሮ «ዛሬ ምን ላንብብ?» ከሚል ክርክር ታድናለች። ማርቆስ 1፥35 ጌታ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ እንደ ጸለየ ይናገራል። ከዚያ በፊት ያሉትን ቁጥሮች ስታነቡ፣ በዋዜማው ምሽት ከተማው ሁሉ በደጅ ተሰብስቦ እርሱም ብዙ ድውያንን ሲፈውስ እንዳመሸ ታገኛላችሁ። ከሥራ ብዛት ማግሥት ነው ለጸሎት የተነሣው። ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ይሁን እንጂ ንጋትን ሕግ አድርጋችሁ ራሳችሁን አትፍረዱ። ሌሊቱን በሽተኛ ስትጠብቅ ያደረች ነርስ ወይም ሕፃን የምታጠባ እናት ሌላ ሰዓት ብትመርጥ እግዚአብሔር አይርቃትም። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ ነበር (ዳንኤል 6፥10)፤ ቀኑ ከአንድ በላይ በር አለው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ወስኑ፦ የክፉ ቀን ልካችሁን። ሁሉም ነገር በተበላሸበት ቀን የማትተዉት ትንሹ ነገር ምንድን ነው? የእኔ «አባታችን ሆይ»ን አንድ ጊዜ በቀስታ መጸለይ ነው። በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ነገር ግን ክሩ አልተበጠሰም።

ደረጃ 2፦ ጥቂት አንብቡ፣ በደንብ አላምጡ

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው የማርቆስን ወንጌል እመክራለሁ። ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ነው፤ 16 ምዕራፍ ብቻ። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ አትሩጡ፤ አንድ ታሪክ ይበቃል። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው መነኩሴ ዳግማዊ ጊጎ መንፈሳዊ ንባብን አራት እርከን ባለው መሰላል መስሎታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ ከዚያም በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቆየት። መሰላሉ ከባድ ይመስላል እንጂ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። በማርቆስ 4፥35-41፣ በማዕበሉ ታሪክ፣ እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ።

በመጀመሪያ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ዓይን ይዘላል፤ አፍ ግን እያንዳንዱን ቃል ለመርገጥ ይገደዳል። ሁለተኛውን ንባብ ቀስ አድርጉትና በጀልባዋ ውስጥ ያለውን ነገር ተመልከቱ። ጌታ በስተኋላ በኩል ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ማቴዎስና ሉቃስም ይህንኑ ታሪክ ጽፈዋል፤ ትራሱን የጠቀሰው ግን ማርቆስ ብቻ ነው። ውሃ እየገባ ባለበት ጀልባ ውስጥ ያለ ትራስ! እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ።

በሦስተኛው ንባብ የሚይዛችሁን አንድ ቃል ጠብቁ። እኔን የያዘኝ ደቀ መዛሙርቱ «ስንጠፋ አይገድህምን?» ያሉት ነው። በዚያን ሰሞን እናቴ ታማ ነበር፤ ይህንኑ ጥያቄ ለወራት በሆዴ ይዤ ከላይ ግን የተስተካከለ ጸሎት እጸልይ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ጥያቄውን እርስ በርሳቸው አላንሾካሾኩትም፤ ቀስቅሰው ፊት ለፊት ጠየቁት። እርሱም በማርቆስ አተራረክ አስቀድሞ ነፋሱን ገሠጸ፤ ስለ እምነታቸው የጠየቃቸው ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። እምነታቸው እስኪስተካከል ድረስ በማዕበሉ ውስጥ አላቆያቸውም። ያን ቀን ጸሎቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ስለ እናቴ አይገድህምን?» ከዚያ ሁለት ደቂቃ ዝም አልኩ። ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናግሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የያዛችሁን ቃል ከቀኑ ጋር በደብተር ጻፉና ይዛችሁት ውጡ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አንድ መስመር ይበቃል። ያልገባችሁን ነገር ደግሞ በሌላ ገጽ ላይ መዝግቡና መምህር ስታገኙ ጠይቁ። ስለ አንድ ከባድ ቁጥር ስትጨነቁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።

አንድ ልማድ እንድትተዉ እለምናችኋለሁ፦ መጽሐፉን በዘፈቀደ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቁጥር የዕለቱ መልእክት አድርጎ መውሰድ። ቃሉ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ሲነበብ ነው የሚያርመን፤ ተቆርጦ ሲወሰድ ግን ብዙ ጊዜ መስማት የፈለግነውን ነው የሚነግረን።

ደረጃ 3፦ በእውነት ጸልዩ

ጸሎት የሚደርቀው ብዙውን ጊዜ ለእግዚአብሔር የማንለውን ነገር በልባችን ስላስቀረን ነው። መዝሙረ ዳዊትን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ተጠቀሙበት። መዝሙር 13ን (በሰባ ሊቃናት፣ ማለትም በጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ ቆጠራ 12ን) ውሰዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብቻ «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ አራት ጊዜ ይመላለሳል። ይህን ቅሬታ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጠ አምላክ የእናንተን ቅሬታ ሲሰማ አይደነግጥም። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ አትናቴዎስ መዝሙራት ለዘማሪው እንደ መስተዋት ናቸው፣ የራሱን ነፍስ ያይባቸዋል ብሏል።

የተጻፈ ጸሎት ይሻላል ወይስ ከልብ የሚወጣ? ይህ ክርክር ብዙ ሰዎችን ያለ ጥቅም አድክሟል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከጥንታውያኑ የክርስትና ጽሑፎች አንዱ የሆነው ዲዳኬ ምእመናን «አባታችን ሆይ»ን በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸልዩ ያዛል። የተሰጠን ጸሎት የማናስበውን እንድናስብ ያስተምረናል፤ የራሳችን ቃል ደግሞ ራሳችንን ይዞ ይቀርባል። ሁለቱን ለማገናኘት «አባታችን ሆይ»ን ሐረግ በሐረግ ጸልዩ። «የዕለት እንጀራችንን» ስትሉ ቆም በሉና ዛሬ የሚያስጨንቃችሁን የኑሮ ጉዳይ በስሙ ጥሩ። «በደላችንን ይቅር በለን» ስትሉ የትናንቱን በደል ንገሩት። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ የሰውየው ስም ካልወጣላችሁ፣ አለመውጣቱን ራሱን ንገሩት።

ለሌሎች ለመጸለይ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰባት ስሞች ጻፉ፤ ለሳምንቱ ቀናት አንድ አንድ። ከሰባቱ አንዱ የማትወዱት ሰው ይሁን። ስሙን ስትጠሩ መጀመሪያ ላይ ጥርስ ይነከሳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሰውየውን መንገድ ላይ ስታዩት የምታስቡት ነገር ይለወጣል።

ደረጃ 4፦ ሥራውን ከጸሎቱ አትለዩት

በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ በሚገኝ የቀርሜሎስ ገዳም ወንድም ላውረንስ የሚባል፣ በፊት ወታደር የነበረ ሰው በወጥ ቤት ያገለግል ነበር። የሚታወቀው በስብከት ወይም በተአምር አይደለም፤ በድስቶች ጩኸት መካከል እግዚአብሔር በፊቱ እንዳለ እያሰበ መሥራትን በመለማመዱ ነው። ልምምዱም ወዲያው አልሆነለትም፤ ሐሳቡ እየኮበለለ ለዓመታት ታግሏል።

የእርሱን መንገድ ለመሞከር በቀናችሁ ውስጥ ሦስት «ደጃፎች» ምረጡ። ለምሳሌ የቢሮውን በር ስትከፍቱ፣ ኮምፒውተር ስታበሩ፣ ወደ ቤት ስትመለሱ መግቢያው ላይ። በእያንዳንዱ ደጃፍ አንዲት አጭር ጸሎት በሉ፤ «አቤቱ ማረኝ» ወይም ማለዳ የያዛችሁት ቃል። ሁለት ትንፋሽ ነው። ሦስተኛው፣ የቤቱ በር፣ ከሁሉ ይበልጣል፤ የቀኑን ድካም በሰው ላይ የምናራግፈው እዚያ ነውና።

ደግሞም ሥራውን በደንብ ሥሩ። ቆላስይስ 3፥23 ለጌታ እንደምታደርጉ ከልባችሁ ሥሩ ሲል፣ ከፊቱ ባለው ቁጥር የሚናገረው ለባሪያዎች ነው፤ ምርጫ ለሌላቸው፣ ማንም ለማያመሰግናቸው ሰዎች። ማንም የማያየው ሥራችን ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ከሆነ፣ ያረፈደ ሰው የሚፈርመው የሐሰት ሰዓትም ከእርሱ አይሰወርም።

ደረጃ 5፦ እድገቱ የሚፈተነው በአጠገባችሁ ባለው ሰው ነው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ገላትያ 5፥22-23 የመንፈስ ፍሬ ብሎ ዘጠኝ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት፣ ራስን መግዛት። ብቻዬን በዝግ ክፍል ተቀምጬ ታጋሽ ነኝ ብል ማን ያስተባብለኛል? ትዕግሥትና የውሃት የሚታዩት የሚያናድድ ሰው ሲመጣ ነው።

አንድ ማለዳ ከጸሎት ተነሥቼ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ትንሿ ልጄ የውሃ ብርጭቆ በሥራ ወረቀቶቼ ላይ ደፋች። ጮኽኩባት። ጩኸቱ ለተደፋው ውሃ የሚመጥን አልነበረም፤ ከየት እንደ መጣ እኔም አላወቅሁም። ምንም ሳትናገር ሄዳ ጨርቅ አመጣችና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሣች መጥረግ ጀመረች። እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱሴም እዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ እንደ ተገለጠ ነው። ጸሎቴ እስከ ምን ድረስ እንደ ገባ ያን ጊዜ አየሁ፤ ከአፌ አልፎ እጇ ድረስ አልደረሰም ነበር።

ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። መባው አይናቅም፤ ግን ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ በደላችሁን ስታውቁ የሚከተለውን አድርጉ። በዚያው ቀን ሂዱ፤ ኤፌሶን 4፥26 ፀሐይ በቁጣችሁ ላይ አይግባ ይላልና። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፤ «ካስቀየምኩሽ» አይባልም፤ «ጮኼብሻለሁ» ይባላል። «ግን» የሚለውን ቃል አታስገቡ። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ «ይቅርታ፣ ግን አንቺም መጠንቀቅ ነበረብሽ» ብያት ፊቷ ሲዘጋ አይቻለሁ። ማምሻውን ተመልሼ «ውሃ መድፋት ጥፋት አይደለም፤ መጮኼ ግን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። በመጨረሻም ወዲያው ይቅር እንዲሏችሁ አታስገድዱ። የተጎዳው ሰው የራሱ ጊዜ አለው።

የተበደላችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ይቅር ማለት ዳግም ለመመታት መመለስ ማለት እንዳልሆነ በግልጽ መነገር አለበት። የሚደበድባችሁን ወይም የሚያስፈራራችሁን ሰው በልባችሁ ለእግዚአብሔር አሳልፋችሁ እየሰጣችሁ፣ ሰውነታችሁን ደግሞ ደኅና ቦታ ማድረስ ትችላላችሁ። እርዳታ መጠየቅም እምነት ማጣት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ከመኝታ በፊት ቀኑን ተመልከቱ

በ1556 እ.ኤ.አ. ያረፈው የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች፣ የሎዮላው ኢግናጥዮስ፣ ተከታዮቹን ቀናቸውን በእግዚአብሔር ፊት እንዲመረምሩ ያስተምር ነበር። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከምስጋና ጀምሩ፤ በቀኑ ውስጥ የተቀበላችሁትን አንድ የተወሰነ ነገር አመስግኑ። ከዚያ ቀኑን ከማለዳ ጀምራችሁ በልባችሁ አሳልፉት። የት ላይ ልባችሁ ለሰው ተከፈተ? የት ላይ ጠነከረ? ያገኛችሁትን በደል በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናዘዙ፣ ነገ የምትጠግኑትን አንድ ነገር ለዩ፣ ተኙ። ራስን መገረፊያ እንዳታደርጉት ተጠንቀቁ። ንስሐ ፊትን ወደ አባት መመለስ ነው፤ ራስን መጥላት ግን ዓይንን ከራስ ላይ አያነሣም።

ደረጃ 7፦ ብቻችሁን አትሂዱ

በሳምንት አንድ ጊዜ ከጉባኤው ጋር አምልኩ፤ ስሜቱ ባይኖርም። እናንተ መዘመር ባቃታችሁ ቀን ሌላው ይዘምርላችኋል። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ኃጢአታችሁን ተናዘዙ ይላል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሥርዓት የነፍስ አባት ወይም የሚመራችሁ የበሰለ አማኝ ይኑራችሁ። ከዚህም ሌላ በወር ሁለት ጊዜ የምታገኙት አንድ የጸሎት ጓደኛ ፈልጉ። ምስጢር የሚጠብቅ፣ ለመምከር የማይቸኩል፣ የራሱንም ድካም የሚናገር ይሁን። የመጀመሪያውን ግንኙነት በአንድ ጥያቄ ጀምሩ፦ «በዚህ ሰሞን መጸለይ የከበደህ ስለ ምንድን ነው?»

ማቴዎስ 6 ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን በአንድ ላይ ያስተምራል፤ ሦስቱም በስውር እንዲሆኑ ያዛል። ኢሳይያስ 58 ደግሞ ሰው ተርቦ እያየ ዝም የሚልን ጾም እግዚአብሔር እንደማይቀበለው ይናገራል። በጾማችሁ ቀን ከምግቡ የተረፈውን ገንዘብ ለይታችሁ ለተራበ ስጡ። ሕመም ያለባችሁ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ከሐኪምና ከመንፈሳዊ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ።

ደረጃ 8፦ ድርቀት ሲመጣ

ይመጣል። በ399 እ.ኤ.አ. ያረፈውና በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ መነኩሴን የሚዋጋ አንድ ስልቸታ ገልጿል፦ ቀትር ላይ ይመጣል፣ ፀሐይዋን የቆመች ያስመስላል፣ መነኩሴውን በመስኮት ደጋግሞ ወደ ውጭ ያስመለክተዋል፣ ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኛል ያሰኘዋል። መድኃኒቱ በአብዛኛው በበዓቱ (በመኖሪያ ክፍሉ) ጸንቶ መቆየት ነበር። እናንተም የክፉ ቀን ልካችሁን ይዛችሁ ቆዩ። ሰዓቱን አሳጥሩ፤ አታቋርጡት።

መቆየት ብቻ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱንም መርምሩ። ያልተናዘዛችሁት ነገር አለ? ያላለቀሳችሁለት ሐዘን አለ? ወይስ ደክማችኋል? በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ከዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን ሲለምን፣ መልአኩ ተግሣጽ አላመጣለትም። ተኛ፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ በላ። ከዚያ በኋላ ነው እስከ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት የሄደው። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያስፈልገው አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሌሊት ሙሉ ጸሎት ሳይሆን እንቅልፍ ነው። ሐዘኑ ካልለቀቃችሁ፣ ሕይወታችሁን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ፣ በዚያው ቀን ለሰው ንገሩ፣ ወደ ሐኪምም ሂዱ። መዝሙር 88 (87) በጨለማ ውስጥ እንዳለ ያበቃል፤ በጨለማ የተጸለየውም ጸሎት ከጸሎቶቹ መካከል ተቆጥሯል።

ደረጃ 9፦ ከሦስት ወር በኋላ ጠይቁ

ቡቃያውን በየቀኑ እየነቀላችሁ ሥሩን አትመልከቱ። ሦስት ወር ሲሞላ ደብተሩን ገልጣችሁ የጻፋችኋቸውን ቃላት በተርታ አንብቡ፤ የሚደጋገመውን ልብ በሉ፣ ሰዓቱን ማስረዘም ከቻላችሁ ጥቂት ጨምሩ። ከዚያም አብሮአችሁ የሚኖር ወይም የሚሠራ አንድ ሰው «ከእኔ ጋር ስትሆን ከበፊቱ የተለየብህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የለም» ቢላችሁ አትከራከሩ፤ አመስግኑና ቀጥሉ።

እኔ ልጄን ነበር የጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና «አባዬ፣ ድሮ በሩን ስትከፍት ደብተሬን ሰብስቤ ወደ ውስጥ እገባ ነበር» አለችኝ። «አሁን እዚያው ቁጭ እላለሁ።»